ከፎርሙ በፊት ፈራሚውን ያዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሚኒሶታ ገጠር ውስጥ ካለ ትንሽ የስልክ ኩባንያ ሒሳብ ክፍል ገብተሽ ሁለት ወር ሳይሞላሽ «የድጎማ ማረጋገጫዎቹን ከእንግዲህ አንቺ ነሽ የምትይዣቸው» ተባልሽ። 481፣ 555፣ 254 እያሉ ቁጥር ሲደረድሩልሽ ግራ ገባሽ፤ ከየት ልጀምር ነው ያልሽው። እኔ እንደናንተ ያሉ ኩባንያዎችን ወረቀት ስሠራ ስምንት ዓመቴ ነው። ሰው ሁሉ የሚነግርሽ ፎርሙን እንዴት እንደምትሞዪ ነው፤ መሙላቱ ግን ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው ማን እንደሚፈርም ነው።

ገንዘቡ የሚመጣው ከዩኒቨርሳል ሰርቪስ ፈንድ ነው፤ የስልክ ቢላችን ግርጌ ላይ የምናያት ክፍያ ማለት ነች። ደንቡን ኤፍሲሲ (የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን) ያወጣል፣ ገንዘቡን ዩሳክ የሚባለው ድርጅት ያስተዳድራል። በ1996ቱ የቴሌኮም ሕግ የገባው ክፍል 254 ድጎማው ለታሰበለት አገልግሎት ማቅረቢያ፣ ጥገናና ማሻሻያ ብቻ ይዋል ይላል። ፎርሙ ቢበዛም አለቃሽ ዞሮ ዞሮ የሚፈርመው «አዎ፣ ለዚያው አውለነዋል» ብሎ ነው።

ቀኖቹን በኛው በዓላት ብትይዣቸው አይጠፉሽም። 555 የላይፍላይን፣ ማለትም ለዝቅተኛ ገቢ ደንበኞች የሚሰጠው ቅናሽ፣ ዓመታዊ ማረጋገጫ ነው፤ እስከ ጃንዋሪ 31 ይገባል፣ ስለዚህ ከጥምቀት ሳያልፍ ጀምሪው። ለእያንዳንዱ ሳክ ቁጥር (የአገልግሎት አካባቢያችሁ መለያ ኮድ) ለየብቻ ይሞላል፣ አንድም የላይፍላይን ደንበኛ ባይኖራችሁ እንኳ ይገባል። ማርች 1 የብሮድባንድ አድራሻዎቹ ሪፖርት ነው፤ እሱን ለኢንጂነሮቹ ተዪላቸው። 481፣ ድጎማ የሚቀበል ኩባንያ የሚያስገባው ዓመታዊ ሪፖርት፣ ጁላይ 1 ነው። ኦክቶበር 1 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግሸን ማርያም ነች። የምታታልለው እሷ ነች፤ ያ የ254ቱ ማረጋገጫ ቀን የናንተ አይደለም፣ የክፍለ ግዛቱ ነው። የሚኒሶታ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ስለናንተ ለኤፍሲሲና ለዩሳክ የሚመሰክርበት ቀን ነው፤ እሱ ከናንተ ቃለ መሐላውን የሚፈልገው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ስማችሁ ከዝርዝሩ ከቀረ በቀጣዩ ዓመት ድጎማው የሚነካው የናንተ ነው እንጂ የኮሚሽኑ አይደለም።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ዓመቴ 481ን ጁን 20 ላይ ጨርሼ ኮርቼ ነበር። የዩሳክ ሲስተም ላይ ግን የሚሞላው ሌላ፣ የሚያረጋግጠው ሌላ ነው፤ እኔ የመሙላት ፈቃድ ብቻ ነበረኝ። ሥራ አስኪያጃችን ጁን 29 ዓሣ ሊያጠምድ ወደ ሰሜን ሐይቆች ሄደ። የስልክ ኩባንያ የሚመራ ሰው ስልክ የማይሠራበት ቦታ! መግቢያ ኮዱ የሚላከው በእሱ ኢሜይል ነው፣ ሌላ ፈራሚ አልተመዘገበም። ሒሳብ ሹሟ «አንቺው በስሙ ግቢና ጨርሺው» አለችኝ። እጄ ኪቦርዱ ላይ ነበር፣ አልዋሽሽም። ተውኩት፤ ያ ፊርማ ለፌዴራል መንግሥት የሚሰጥ ቃል ነው፣ በሌላ ሰው ስም ሲሰጥ ደግሞ ከቅጣትም አልፎ ወንጀል ነው። ሰውየው ጁላይ 3 ጠዋት ከአንድ ሞቴል ደውሎ ገባና ፈረመ።

ያዳነን የምሕረት ቀን የሚባለው ነው፦ ኩባንያውም እህት ኩባንያዎቹም ከዚያ በፊት ዘግይተው የማያውቁ ከሆነ፣ ከጁላይ 5 በፊት የገባ 481 አይቀጣም። የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የዘገየ ሰው ቢያንስ የ7 ቀን ድጎማ ይቆረጥበታል፣ ከጁላይ 8 በኋላ በየቀኑ ይጨምራል። እኛ አንዷን ዕድላችንን ለአሣ አጠፋናት።

ቀጥሎ ከሒሳብ ደብተሩ ጋር ትገናኛለሽ። ኩባንያችሁ በወጪው ልክ ድጎማ የሚያገኝ ከሆነ (ሞዴል ላይ ያሉት፣ ማለትም ድጎማቸው በወጪያቸው ሳይሆን በቀመር የሚሰላላቸው፣ ይህ ራስ ምታት ይቀልላቸዋል)፣ ኤፍሲሲ በ2018 ከድጎማው ሊተኩ የማይችሉ ወጪዎችን ዘርዝሯል፦ መጠጥ፣ መዝናኛ፣ የግል ጉዞ፣ የፖለቲካ መዋጮ፣ በጎ አድራጎት፣ ስኮላርሺፕ፣ ቅጣት፣ የክለብ አባልነት፣ የማኅበረሰብ ዝግጅት ስፖንሰርነት። ወንጀል አይደሉም፤ ኩባንያው ከራሱ ኪስ ይክፈል ነው የሚባለው። ግን የት እንደሚደበቁ ልንገርሽ፦ «ልዩ ልዩ የቢሮ ወጪ» ውስጥ። እኔ አንድ ጊዜ እዚያ ውስጥ ለሠራተኛ የተገዛ የገና ካም እና የከተማው የልጆች ቤዝቦል ቡድን ማሊያ አገኘሁ። ማንም ሊያጭበረብር አላሰበም፤ የትንሽ ከተማ ኩባንያ ነው፣ የሥራ አስኪያጁ ልጅም እዚያው ቡድን ውስጥ ይጫወታል። አውጥተን ከድጎማው ወጪ ለየነው፤ ከፊርማው በፊት ስለነበር ግማሽ ሰዓት ብቻ ፈጀ። ኦዲተር ቢያገኘው ኖሮ ግማሽ ዓመት ያስኬደን ነበር። ሰነዱን ደግሞ 10 ዓመት ማቆየት ስላለባችሁ ደረሰኙን ኢሜይል ውስጥ አትተዪው፣ ሰው ሲለቅ ኢሜይሉም አብሮ ይሄዳል።

ሰኞ ስትገቢ ስለ 481 አትጠይቂ። «ፎርም 498 ላይ ኃላፊ ተብሎ ስሙ ያለው ማነው? አሁንም እዚህ ይሠራል?» በይ። 498 ኩባንያው ዩሳክ ዘንድ የሚመዘገብበት ፎርም ነው፤ ሲስተሙ ላይ ለሌላው ሁሉ ፈቃድ የሚሰጠው እዚያ የተጻፈው ኃላፊ ነው። ሁለት ዓመት ሆኖት ጡረታ የወጣ ሰው ስም ካገኘሽ አትገረሚ፤ እኔ ሁለት ቦታ አግኝቼአለሁ። መጀመሪያ እሱን አስቀይሪ፣ ከዚያ ሁለተኛ ፈራሚ አስመዝግቢ፣ ለአንቺም የመሙላቱን ፈቃድ አሰጪ። ሦስቱ ካለቁ በኋላ የባለፈውን ዓመት 481 አውርደሽ እዚህ ጻፊልኝ፣ የቱ ጋ እንደምትጠነቀቂ አብረን እናየዋለን።