ቬጋን አገኛለሁ፣ ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ስለ ሰማይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። መነጽር አደርጋለሁ፤ አንገቴም ያመኛል። ከስድስት ወር በፊት ባለ 150 ሚሊሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ ገዛሁ። የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊሜትር ነው፤ ዶብሶኒያን የሚባለው፣ የእንጨት መቀመጫ ያለው ዓይነት። ጨረቃን፣ ጁፒተርንና ሳተርንን እስክጠግብ አይቻለሁ። ከእነሱ ያለፈውን ማግኘት ግን አቃተኝ። የቀለበት ኔቡላን አራት ሌሊት ፈልጌ አጣሁት። አጠገቡ ያለችውን ደማቅ ኮከብ ቬጋን አገኛለሁ፣ ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው። አብሮት የመጣው ፋይንደር፣ ከላዩ የሚሰካው ትንሽ ማነጣጠሪያ ቱቦ፣ 5 በ24 የሚል ፕላስቲክ ነው። አንዱ ቀይ ነጥብ ያለውን ግዢ ይለኛል፤ ሌላው ከ8 በ50 በታች እንዳታስቢ ይለኛል። ያለሁት መብራት በበዛበት ከተማ ውስጥ ነው። እርስዎስ ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። የኔን የመጀመሪያ ዓመት አስታወሰኝ። እኔም ጨረቃና ሳተርን ላይ ቆሜ የቀረሁበት ጊዜ ነበር። ቴሌስኮፑ ምንም አልጎደለውም ነበር። ያስቸገረችኝ ከላዩ የተሰካችው ትንሿ ቱቦ ነበረች።

እስቲ መጀመሪያ ስሌቱን እንየው። የእርስዎ ቴሌስኮፕ በ25 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ (ዓይንዎን የሚያስጠጉበት፣ የሚቀያየረው ሌንስ) 48 ጊዜ ያጎላል፤ 1200ን ለ25 ማካፈል ነው። በተለመደው ዓይነት የዓይን ሌንስ ከሆነ የሚያዩት የሰማይ ቁራጭ አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞሉታል። 10 ሚሊሜትሩን ሲያደርጉ ደግሞ 120 ጊዜ ይሆናል፤ ያኔ አንዲት ጨረቃ እንኳ ሙሉዋን አትገባም። በዚህ ሰማይን ማሰስ በቁልፍ ቀዳዳ እያዩ ገበያ ውስጥ ሰው እንደ መፈለግ ነው።

ፋይንደር ያስፈለገው ለዚህ ነው። ሥራው እርስዎን ቦታው ድረስ ማድረስ ነው፤ አይቶ መደነቁ ለዋናው ቴሌስኮፕ ይተዋል። ስለዚህ ፋይንደር ሲመርጡ «ምን ያህል ያጎላል?» ብለው አይጀምሩ። «ከኔ ሰማይ ላይ መንገድ የሚሆኑኝን ኮከቦች ያሳየኛል ወይ?» ብለው ይጀምሩ። የሚወስነው ሰማይዎ ነው።

ቀዩን ነጥብ እንውሰድ። አንዲት መስታወት ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ያርፋል፤ በዚያ ውስጥ ሲያዩ ነጥቡ ሰማይ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ምንም አያጎላም። ቴልራድ የሚባለውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ በነጥቡ ፋንታ ግማሽ፣ ሁለትና አራት ዲግሪ የሆኑ ሦስት ቀይ ቀለበቶች ይሰጥዎታል። ከጨለማ ሰማይ በታች ብሆን እኔ ቴልራድን ከማንኛውም ፋይንደር አስቀድማለሁ። የኮከብ ካርታውን አይቼ፣ ቀለበቱን በሁለት ኮከቦች መካከል አስቀምጬ፣ ጨረስኩ። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፦ እነዚያ ሁለት ኮከቦች በባዶ ዓይን መታየት አለባቸው።

የእርስዎ አራት ሌሊት የጠፋው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የቀለበት ኔቡላ፣ ሜሲዬ በሚባለው የደብዛዛ የሰማይ ነገሮች ዝርዝር 57ኛዋ፣ ያለችው ሼሊያክና ሱላፋት በሚባሉ ሁለት ኮከቦች መካከል ነው፤ ሁለቱም ቬጋ ካለችበት ከሊራ የኮከብ ስብስብ ናቸው፤ እሷም ከመሃል ትንሽ ወደ ሼሊያክ ጠጋ ብላ። ሁለቱ የሚራራቁት ሁለት ዲግሪ ገደማ ነው። ጨለማ ቦታ ላይ ያለ ምንም መሣሪያ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የከተማ መብራት ግን ይውጣቸዋል። ቬጋ ደማቅ ስለሆነች ትተርፋለች። «ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው» ያሉት ቃል በቃል እውነት ነው። በዚህ ሰማይ ላይ ቀይ ነጥብ ብቻውን ቬጋ ላይ አድርሶ እዚያው ይተውዎታል።

ሌንስ ያለው ፋይንደር የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች እንያቸው። 8 በ50 ማለት ስምንት ጊዜ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። ብርሃን የሚሰበስበው ሁለተኛው ቁጥር ነው። የ50ው ሌንስ ከ24ቱ በአራት እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል፤ ከ30ው ደግሞ ሦስት እጥፍ ገደማ። በነገራችን ላይ ያንን ፕላስቲክ ፋይንደር ከፊት በኩል አጮልቀው ይዩት። በአንዳንዶቹ ከሌንሱ ኋላ መሃሉ የተበሳ ጥቁር ቀለበት አለ። የሌንሱን ድክመት ለመሸፈን የገባ ነው። እሱ ካለ፣ 24 የተባለው ሌንስ የሚሠራው በመሃሉ ብቻ ነው።

በ8 በ50 የሚያዩት ስፋት ከአምስት እስከ ስድስት ዲግሪ ይሆናል። ከቬጋ ወደ ሼሊያክ ያለው መንገድ ስድስት ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ ቬጋ በአንዱ ጠርዝ ልትወጣ ስትል ሼሊያክ በሌላው ጠርዝ ብቅ ትላለች። ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ሱላፋትም ትመጣለች። መሃላቸው ላይ ፋይንደሩ ውስጥ የሚታየውን የመስቀል ክር ያስቀምጡና ወደ ዋናው ቴሌስኮፕ ይሂዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎ። ምናልባት ኔቡላዋን አግኝተዋት አልፈዋት ይሆናል። በ48 ማጉላት ትንሽ ያበጠች፣ ትኩረቷ የተበላሸ ኮከብ ነው የምትመስለው። ሌሎቹ ኮከቦች ሹል ነጥብ ሆነው እሷ ብቻ ካልሾለች፣ እጅዎን ከቱቦው ያንሱና 10 ሚሊሜትሩን ያስገቡ። ያኔ መሃሏ ክፍት ሆኖ፣ ፈዛዛ የጭስ ቀለበት መስላ ትታያለች። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያት ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ የዓይን ሌንሱ በትንፋሽ እንዳይደበዝዝ ብዬ ሳይሆን እንዳትጠፋብኝ ብዬ።

አሁን ወደ አንገትዎ እንምጣ፤ ለእርስዎ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ይመስለኛል። ፋይንደር ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀጥ ያለና ዘጠና ዲግሪ የታጠፈ። ቀጥ ያለው ሰማዩ ከአናትዎ በላይ ሲሆን ጉልበትዎን መሬት አስነክቶ፣ አንገትዎን ወደ ኋላ ቀልብሶ ከቱቦው ሥር ያስገባዎታል። ደግሞ ሊራን የመሰሉ ነገሮች የሚያምሩት ከፍ ሲሉ ነው። ጤነኛ አንገት ያለው ሰው እንኳ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይችለውም። የታጠፈው ግን ከጎን ዘንበል ብለው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያዩበት ነው።

የታጠፈ ሲገዙ ታዲያ አንድ ነገር ጠይቀው ያረጋግጡ። ምስሉን ቀጥ አድርጎ፣ ግራና ቀኙንም ሳያገላብጥ ያሳያል ወይ? አሚቺ የሚባለው ፕሪዝም ያለበት እንዲህ ያሳያል፤ ያዩት ሁሉ ከካርታው ጋር ይገጥማል። ተራ መስታወት ያለበት የታጠፈ ግን ግራውን ቀኝ ያደርገዋል። ካርታውን ቢያዞሩት ቢገለብጡት አይገጥምም። ቀጥ ያለው ፋይንደር ራሱ ከሱ ይሻላል፤ እሱ ሁሉን ነገር ስለሚዘቀዝቅ ካርታውን ዘቅዝቆ መያዝ ይበቃል።

የታጠፈው አንድ ጉድለት አለው። ወደ ታች እያዩ ቴሌስኮፑ ወደየት እንደዞረ ማወቅ ያስቸግራል። ቬጋን ራሷን ማግኘት ፈተና ይሆናል። ለዚህ ነው እኔ ሁለቱን አብሬ የምጠቀመው። በቀይ ነጥቡ ቬጋ ላይ አደርሳለሁ፣ በ50 ሚሊሜትሩ ከቬጋ ወዲያ እጓዛለሁ። ስለዚህ ምክሬ ይኸው፦ የታጠፈ፣ ቀጥ ያለ ምስል የሚያሳይ 8 በ50 ወይም 9 በ50 ይግዙ፤ ቀይ ነጥቡን በኋላ፣ ተራውን ቀላሉን፣ ይጨምሩበት። አቅምዎ ለአንድ ብቻ ከሆነ 50 ሚሊሜትሩ ይቅደም። ቀይ ነጥቡ እስኪመጣ በቱቦው ጎን እያነጣጠሩ ቬጋን ማግኘት ይችላሉ፤ ይለመዳል።

ከ8 እና ከ9 የቱ ይሻላል ካሉኝ፣ ለእርስዎ ዕድሜ በጥቂቱ ወደ 9 አደላለሁ። 50ን ለ8 ሲያካፍሉት 6.25 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ከፋይንደሩ ወጥቶ ዓይንዎ ውስጥ የሚገባው የብርሃን ዘንግ ውፍረት ይህ ነው። ዕድሜ ሲጨምር የዓይናችን ብሌን በጨለማ የሚከፈተው እያነሰ ይሄዳል። የእርስዎ 5 ሚሊሜትር ብቻ ቢከፈት የተረፈው ብርሃን ከዓይንዎ ውጭ ይቀራል። በ9 በ50 ዘንጉ 5.6 ስለሚሆን የሚባክነው ያንሳል። ግን 8ቱን በጥሩ ሁኔታ ካገኙት በዚህ ምክንያት አይተዉት። ያም ሆኖ ከ6 በ30 ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይሰጥዎታል።

መነጽሩን በተመለከተ፣ ቅርብ ወይም ሩቅ ያለማየት ብቻ ከሆነ አውልቀው ፋይንደሩን ለራስዎ ዓይን ያስተካክሉ። ብዙ ሰው ፋይንደር እንደሚስተካከል አያውቅም። ከፊት ሌንሱ ኋላ ማጥበቂያ ቀለበት አለ። እሱን ያላሉና የሌንሱን ማቀፊያ በቀስታ ያዙሩት። ኮከቡ ነጥብ እስኪሆን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይሂዱ፣ ከዚያ ቀለበቱን መልሰው ያጥብቁ። አስቲግማቲዝም (የዓይን ኩርባ መዛባት) ካለብዎ ግን መነጽሩን አያውልቁ። በተለይ በቀይ ነጥቡ ጊዜ፤ አለዚያ ነጥቡ የተበተነ ጭረት ይሆንብዎታል።

ከመግዛትዎ በፊት በቱቦዎ ላይ ያለውን መሰኪያ በማስመሪያ ለክተው ይሂዱ። ብዙዎቹ ይገጥማሉ፤ ሁሉም ግን አይገጥሙም። 50 ሚሊሜትሩ ደግሞ ከበድ ይላል፤ ቱቦው በፊት በኩል ማዘንበል ከጀመረ ከታች ጫፉ ላይ ጠንከር ያለ ማግኔት ይለጥፉ። ቱቦው ብረት ከሆነ ይይዛል።

የመጨረሻው ማስተካከል ነው። ይህን ካላደረጉ ምርጡ ፋይንደርም ዋጋ የለውም። በቀን፣ ፀሐይ ከሌለችበት አቅጣጫ፣ ቢያንስ ብዙ መቶ ሜትር የሚርቅ የምሰሶ ጫፍ ይምረጡ። በ25 ሚሊሜትሩ መሃል ያስገቡት፣ ከዚያ በ10 ሚሊሜትሩ ያጥብቡት። አሁን ቱቦውን ሳይነኩ የፋይንደሩን ሁለት ብሎኖች እያዞሩ መስቀሉን እዚያው ጫፍ ላይ ያምጡ፤ ሦስተኛው ሞላ ስለሆነ ራሱ ይከተላል። በቀን የሚሠራበት ምክንያት አለው። ምሰሶ አይንቀሳቀስም። ኮከብ ግን በ120 ማጉላት ከመሃል ተነስቶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከጠርዙ ሊወጣ ይችላል፤ ብሎን እያዞሩ እሱን ማባረር ያደክማል።

ፋይንደሩ ሲመጣ ስፋቱ የተባለው ያህል መሆኑን ራስዎ ይለኩት። ኦሪዮን በሚባለው የኮከብ ስብስብ ቀበቶ ላይ ካሉት ሦስት ኮከቦች ሚንታካ የምትባለው ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ በሰማይ ላይ ከሚታሰበው መስመር) ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ እዚያ ያለ ኮከብ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ይጓዛል። በአንዱ ጠርዝ ያስገቧትና ቱቦውን ይተዉት። በመሃል አልፋ በሌላው ጠርዝ እስክትወጣ ደቂቃውን ይቁጠሩ፣ ለአራት ያካፍሉ። 22 ደቂቃ ከፈጀባት ስፋቱ አምስት ዲግሪ ተኩል ነው። ይህን ቁጥር ካርታዎ ጥግ ላይ ይጻፉት። ከዚያ ወዲያ በካርታው ላይ በዚያው ልክ ክብ እየሣሉ ከኮከብ ወደ ኮከብ መሄድ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የኔ ፋይንደር የመስቀል ክሩ ጥቁር ነው፤ ማታ ጭራሽ አይታየኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደማቅ ኮከብ ላይ ያድርጉትና የፋይንደሩን ትኩረት ሆን ብለው ያበላሹት። ኮከቡ ሰፍቶ የብርሃን ክብ ሲሆን ክሩ በላዩ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ለደብዛዛ ነገር ግን ይህ አይሆንም። የዓይን ሌንሱ የሚነቀል ባለ 1.25 ኢንች ፋይንደር ከሆነ፣ ክሩ በቀይ መብራት የሚበራ የዓይን ሌንስ ተገዝቶ ይገባበታል። መብራቱን መጨረሻ ድረስ ዝቅ ያድርጉት፤ የበዛ ቀይ ብርሃን ደብዛዛ ኮከቦችን ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ በፋይንደር ፋንታ አረንጓዴ ሌዘር ባስርስ?

መልስ፦ አይመከርም። አውሮፕላን ላይ ካረፈ የአብራሪውን ዓይን ያጥበረብራል፤ በብዙ አገር ወንጀል ነው። ብርድ ሲሆንም ይደክማል።

ጥያቄ፦ ለፀሐይ የሚሆን ማጣሪያ ገዝቼ ከቴሌስኮፑ ፊት ገጥሜያለሁ። ፋይንደሩን ምን ላድርገው?

መልስ፦ በሁለቱም ጫፍ ይክደኑት። ማጣሪያው የሚጠብቀው ዋናውን ቱቦ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ማጣሪያውን በደንብ ገጥሜ የፋይንደሩን ክዳን ረሳሁ። ወደ ዓይን ሌንሱ ጎንበስ ስል እጅጌዬ ላይ የአዝራር የምታህል ደማቅ ክብ አረፈች። ሙቀቷ ቆዳዬ ላይ እስኪሰማኝ ድረስ ፋይንደሩ ትዝ አላለኝም። አጠገቤ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ ነበር፤ ቁመቱ ልክ እስከ ፋይንደሩ ድረስ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለፀሐይ ስወጣ ፋይንደሩን ነቅዬ ቤት ውስጥ ትቼው ነው የምወጣው። ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ ለማነጣጠር የቱቦውን ጥላ መሬት ላይ ይመልከቱ፤ ጥላው አጥሮ አጥሮ ከዚያ በላይ ማጠር ሲያቅተው ፀሐይ በሚያዩት ክብ ውስጥ ወይም አጠገቡ ናት።