የፍጥነት ማብረጃ ከመሥራታችሁ በፊት ቅርጹን አስቡበት

ጠያቂያችን «በሰፈራችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ መኪኖች ይከንፋሉ፤ ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ የፍጥነት ማብረጃ ቢሠራ ይበጃል ወይ?» ብለው ላነሡት ጥያቄ መልሴ «ይበጃል» ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ውስጥ በምንኖርበት ሰፈር ይህንኑ ሞክረን ስለነበር፣ አስቀድሜ ያበላሸነውን ልንገርዎት።

በእድራችን በኩል ገንዘብ አሰባስበን፣ ማንንም ሳናስፈቅድ፣ ስፋቱ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ቀጥ ያለ የኮንክሪት ጉብታ በአንድ ግንበኛ አሠራን። የቤት መኪኖች ሆዳቸው ይፋቅ ጀመር፤ ሚኒባሶችም ጉብታው ሥር ሲደርሱ በኃይል ፍሬን ይይዙና፣ ካለፉት በኋላ የባከነባቸውን ጊዜ ለማካካስ የፈለጉ ይመስል ከቀድሞው ብሰው ነዳጅ ይረግጣሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃው ከጉብታው በላይ ተኛ። ለውሃው ብለን ዳር ዳሩን ብንከፍተው ሞተረኞች በዚያው ይሾልኩ ጀመር። በመጨረሻ አፍርሱት ተባልንና አፈረስነው።

በሁለተኛው ዙር ከወረዳው ጋር ተነጋግረን ስንሠራ የተረዳነው፣ ሾፌሩን የሚያግደው የጉብታው ከፍታ ሳይሆን ቅርጹና ድግግሞሹ መሆኑን ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሙከራ ያወጡት ክብ ጀርባ ያለው ጉብታ መኪናው በሚሄድበት አቅጣጫ 3.7 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው ከፍታው ከ10 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ቀስ ብሎ የሚያልፈውን ሳይጎዳ የሚፈጥነውን ብቻ ያንገጫግጫል። በመካከላቸው ከ60 እስከ 100 ሜትር ርቀት ያላቸው ሦስት ጉብታዎች ሲደረደሩ፣ ሾፌሩ መልሶ ለመፍጠን ፋታ አያገኝም።

ግባችን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነበር። በ50 የሚሄድ መኪና ሾፌሩ ልጅ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ባለችው አንዲት ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ30 የሚሄደው ግን በደረቅ አስፋልት ላይ በዚያው ርቀት ውስጥ ፈጽሞ ሊቆም ይችላል። ይህንን በእድሩ ስብሰባ ላይ በኖራ አስምረን ካሳየን በኋላ ተቃዋሚዎቻችን ቀነሱ (ከዋነኞቹ ፈጣኖች አንዱ የኮሚቴያችን አባል እንደነበረም ሳልጠቅስ አላልፍም)።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን የመንገዱን መግቢያ ማጥበባችን ነው። ከሚፈጥኑት አብዛኞቹ በዋናው መንገድ ላይ ያለውን መጨናነቅ ሸሽተው በሰፈራችን የሚያቋርጡ እንጂ የሰፈሩ ሰዎች አልነበሩም፤ መግቢያው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ሲሆን ብዙዎቹ መምጣታቸውን ተዉ። ስለዚህ እናንተም ከመሥራታችሁ በፊት፣ ጠዋትና ማታ ለጥቂት ቀናት ቆማችሁ የሚከንፈው የማን መኪና እንደሆነ ቁጠሩ።

ለቀለሙም በጀት ያዙለት። እኛ አንድ ዓመት ከክረምት በኋላ ሳናድሰው ቀርተን፣ መብራት በጠፋበት ምሽት አንድ ሞተረኛ ጎረቤታችን ጉብታውን ሳያየው ወጥቶበት ክንዱ ተሰብሯል።