ጃንሆይ ያዩዋት ባዝ ጥቁር ነበረች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከደሴ ነው የምጽፍልዎት። አባቴ ከድሮ መጽሔት ቀድደው ያስቀመጡት ፎቶ አለ፤ ጃንሆይ በስደት የኖሩባት የባዝ ከተማ ጎዳና ነው። ቤቶቹ ከሰል የተቀቡ ይመስላሉ። ዘንድሮ ልጄ እዚያው ለትምህርት ሄዳለች። እሷ የምትልክልኝ ፎቶ ደግሞ ማር የመሰለ፣ የፈካ ነው። «እማዬ፣ እዚህ ሦስት መቶ ዓመት ምንም አልተነካም» ትለኛለች። ታዲያ የትኛውን ልመን? ቀለም ቀብተውት ነው ወይስ አፍርሰው ሠርተውት?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ፎቶ ይመኑ። «ምንም አልተነካም» በሚለው ላይ ግን ከልጅዎ ጋር እከራከራለሁ። እኔ የምኖረው ብሪስቶል ነው። በቫን ዕቃ ስለማደርስ ባዝን ከፊቷ ይልቅ በጓሮዋ ነው የማውቃት። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ጥቁረቱ። የባዝ ቤቶች የተሠሩት በዙሪያዋ ካሉት ኮረብቶች፣ በተለይ ከኮም ዳውን፣ በተፈለጠ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲወጣ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ድሮ ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ምድጃ ነበረው፤ የሚነድበትም የድንጋይ ከሰል ነበር። ልጅዎ ወደ ጣሪያው ቀና ብትል የጭስ ማውጫዎቹን ረድፍ ዛሬም ታየዋለች። ከከሰሉ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ድንጋዩን ይበላና ላዩን ወደ ጀሶ ይለውጠዋል። ጀሶው ደግሞ ጥላሸቱን ይዞ አይለቅም። ዝናብ የሚመታው ግድግዳ እየታጠበ ይፈካል፤ ዝናብ የማይደርስበት የመስኮት ግርጌ ይጠቁራል። የአባትዎን ፎቶ ጠጋ ብለው ቢያዩት ይህ ልዩነት ሳይታይዎት አይቀርም።

ለንደን ውስጥ በ1952 ጭስ የተቀላቀለበት ጉም ሺዎችን ገደለ። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ከሰሉ ከየቤቱ እየቀረ ሲሄድ በኋለኞቹ ዓመታት ቤቶቹን ማጠብ ተጀመረ። ደህናው አሠራር እንደ ካፊያ የደቀቀ ውሃ ለረጅም ሰዓት እየረጩ ለስላሳ ብሩሽ መጠቀም ነው። የቸኮለ ሰው በአሸዋ ሲፍቀው ግን የድንጋዩም ቆዳ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቀለም አይደለም፣ እጥበት ነው። ወደ ለንደን በሚወስደው መንገድ ላይ ሳይታጠቡ ጥቁር የቀሩም አሉ። ጃንሆይ ፌርፊልድ ሃውስ የኖሩት ከ1936 እስከ 1940 ነው፤ በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡ። ያኔ የነበረው መልክ የአባትዎ ፎቶ ላይ ያለው ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ልምጣ። በሚያዝያ 1942 የጀርመን አውሮፕላኖች በሁለት ሌሊት ባዝን ደበደቡ፤ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ሉቤክ የተባለችው የጀርመን ከተማ ስለተመታች የተወሰደ በቀል ነበር። ኤክሰተር፣ ኖርዊችና ዮርክም በዚያው ሰሞን ተመቱ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለጭፈራና ለካርታ የተሠራው የባዝ ታላቅ አዳራሽ ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ቀረ፤ በ1963 ታድሶ ተከፈተ።

በኔ አስተያየት ግን ከቦንቡ ይልቅ ከተማዋን የቀየራት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተካሄደው ፈረሳ ነው። ሮያል ክሬሰንት የሚባለውን የታላላቅ ቤቶች ረድፍ የነካው የለም። የፈረሱት የአናጢው፣ የግንበኛው፣ የልብስ አጣቢዋ ትንንሽ ቤቶች ናቸው። እነሱም የዚያው ዘመን፣ የዚያው ድንጋይ ነበሩ። ባላንስ ስትሪት የሚባለው ሰፈር ሂደው ቢያዩ የቆመው ኮንዶሚኒየም ቢጤ ነው። የከተማው ሰዎች ምክንያት ነበራቸው፤ ቤቶቹ እርጥብ ነበሩ፣ ተጎሳቁለው ነበር። ግን ያንኑ ያህል የተጎዳ ትልቅ ቤት ሲገኝ ይታደሳል፣ ትንሹ ሲገኝ ይፈርሳል። ይሄ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ከመሃል ከተማው ሥር የመኪና ዋሻ ለመቆፈርም ታቅዶ ነበር፤ ደግነቱ ቀረ።

ልጅዎ ከባቡር ስትወርድ መጀመሪያ የምታየው ሳውዝጌት የሚባለው የገበያ ስፍራ ደግሞ ጉድ ነው። ድሮ እዚያ ተራ የሱቅ ጎዳና ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኮንክሪት የገበያ ማዕከል ቆመበት፤ ሰው አስቀያሚ እያለ ሲያማው ኖሮ በ2007 ፈረሰ። ከ2009 ጀምሮ የተከፈተው አዲሱ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ልብስ ለብሶ ነው የመጣው። ድንጋዩ የባዝ ድንጋይ ነው፣ ግን ዘመናዊ አጽም ላይ የተለበጠ። ከባቡር የሚወርደው ቱሪስት ሁሉ «ጥንታዊ» እያለ ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው። ልጅዎም ልካልዎት ይሆናል፤ አይፍረዱባት።

ስለ ጓሮው ልንገርዎ። ሮያል ክሬሰንት ከ1767 እስከ 1774 ሲሠራ አርክቴክቱ ታናሹ ጆን ዉድ የነደፈው ፊቱን ነው። 30 ቤት አንድ ቤተ መንግሥት መስሎ ይታያል። ከኋላ ግን እያንዳንዱ ገዢ የራሱን ሰው ቀጥሮ እንዳሻው ነው ያሠራው። አንዱ ወደ ኋላ ወጣ ብሏል፣ አንዱ ገብቷል፣ መስኮቱ አይገጥምም፣ ቱቦው ተንጠልጥሏል። ዕቃ ይዤ በዚያ በኩል ሳልፍ ደስ የሚለኝ እሱ ነው። ከፊት በኩል በር ለመቀባት እንኳ ነገር ይመጣል። በ1970ዎቹ አንዲት የቤት ባለቤት በሯን ቢጫ ቀብታ ከከተማው ጋር ተሟገተች፤ ረታች። በሩ ከነቢጫነቱ አለ።

ከሁሉ ይልቅ የተለወጠው ግን ከመስኮቱ ግርጌ ያለው ሱቅ ነው። ትልልቆቹ የሱቅ ድርጅቶች፣ ዉልዎርዝስ በ2009፣ ቢኤችኤስ በ2016፣ ዴብናምስ በ2021 ከአገሩ ሁሉ ጎዳና ጠፉ። የትም የእንግሊዝ ከተማ ቢሄዱ ከላይ የድሮ መስኮት፣ ከታች ቡና ቤት፣ ስልክ ሰባሪና ጠጋኝ፣ የሰልባጅ ሱቅ ነው። ባንኩ መጠጥ ቤት ሆኗል። ሰው ሶፋው ላይ ሆኖ በስልክ ያዝዛል፤ የሚያደርስለት ደግሞ እኔ ነኝ። ከ2021 ጀምሮ የድሮ ቫን ይዞ መሃል ባዝ መግባት በቀን 9 ፓውንድ ያስከፍላል። የቤት መኪና ያላቸው በነጻ ይገባሉ፤ ይህን የደነገገ ሰው ዕቃ አያዝም መሰለኝ።

ልጅዎ ምናልባት ሎወር ብሪስቶል ሮድ ላይ ካሉት አዳዲስ የተማሪ ሕንጻዎች በአንዱ ትኖር ይሆናል። ያ መንገድ የፋብሪካ ሰፈር ነበር፤ የወደብ ክሬን የሚሠራው ድርጅት እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ እዚያ ነበር። አንዱ አሮጌ ሕንጻው ታድሶ ቢሮ ሆኗል። ሂዳ ትየው፣ ሮያል ክሬሰንትን ካየች በኋላ ደህና ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ኮቬንትሪ ነው የምኖረው። የኛ ከተማ ሁሉ ኮንክሪት የሆነው በቦንብ ምክንያት ነው ይባላል። ታዲያ ስፖን ስትሪት ላይ ያሉት የእንጨት ቤቶች እንዴት ተረፉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁሉንም ለቦንቡ አይስጡት። ኅዳር 14 ቀን 1940 የደረሰው ጥፋት ከባድ ነበር፤ የፈረሰው ካቴድራል እንዳለ ቆሞ አዲሱ በ1962 ጎኑ ተመርቋል። ግን ቡቸር ሮው የሚባለውን የመካከለኛ ዘመን ጎዳና በ1936 ያፈረሰው ራሱ የከተማው አስተዳደር ነው። ትሪኒቲ ስትሪትን ለማውጣት።

ስፖን ስትሪት ደግሞ ግማሹ ስደተኛ ነው። አንዳንዶቹ ቤቶች ከጥንት እዚያው የነበሩ ናቸው። ሌሎቹ ግን ከከተማው ሌላ ቦታ ተነቅለው መጥተው እዚያ ተተከሉ፤ ከማች ፓርክ ስትሪት የመጣ አለ። የእንጨት ቤት እንዲህ ያስችላል፤ በውታፍ እንጨት የተጋጠመ ስለሆነ ይፈታል፣ ይጫናል፣ እንደገና ይገጠማል። ለአብዛኞቹ ነዋሪዎች ግን መንገዱ የቅዳሜ ማታ መጠጫ ነው። ቤቶቹን ማየት ከፈለጉ ጠዋት ይሂዱ።