ለጥያቄሽ መልስ፦ በቪክቶሪያ ዘመን ድሃው የኖረባቸው ቦታዎች

እህቴ "ልጆቼ ቤተ መንግሥት ማየት ሰልችቷቸዋል፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ጊዜ ድሃው የት ነበር የሚኖረው፣ እንግሊዝ ውስጥ የሚታይ ቦታ አለ ወይ" ላልሽው አዎ አለ፣ የሄድኩባቸውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ በርሚንግሃም ሂዱ። ኸርስት ስትሪት ላይ ባክ ቱ ባክስ የሚባሉ ናሽናል ትረስት (ታሪካዊ ቦታዎችን የሚጠብቅ ድርጅት ነው) የያዛቸው ቤቶች አሉ፣ ጀርባ ለጀርባ በአንድ ግድግዳ የተጣበቁ ስለሆኑ የኋላ በር የለ የኋላ መስኮት የለ፣ ክፍሎቹ ጠባብ ጠባብ ሆነው አንዱ ባንዱ ላይ የተደረቡ ናቸው፣ ሽንት ቤቱና ልብስ ማጠቢያው ግቢ ውስጥ የጋራ ነው። ድሮ ከተማው በሺዎች የሚቆጠር እንዲህ አይነት ቤት ነበረው፣ አሁን ከነግቢው የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ተከራዮቹ ኪራይ እንዲሞላላቸው ብለው ደግሞ በዛች ጥበት ላይ ደባል ያስገቡ ነበር። በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከቤቶቹ ባንዱ የመስታወት ዓይን የሚሰራ ሰው ከነቤተሰቡ ይኖር ነበር፣ ልጆች እሱን ቤት ይወዱታል። የሚገባው በአስጎብኚ ብቻ ስለሆነ ቀድመሽ ቡክ አድርጊ፣ ደረጃውም ጠባብና ቀጥ ያለ ነውና የሕፃን ጋሪ አይሞከርም።

ከዛ በኋላ ኖቲንግሃም አካባቢ ሳውዝዌል በምትባል ከተማ ያለውን ወርክሃውስ (መጠጊያ ያጣ ድሃ እየሰራ ይኖርበት የነበረ መጠለያ) አሳያቸው፣ ቅደም ተከተሉን ባትቀይሪው ጥሩ ነው። እዛ ጠባብ ቤት የገባ ልጅ "ለምን መንግሥት ጋ ሄደው አይጠለሉም ነበር" ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ መልሱ ያለው ሳውዝዌል ነው። በ1824 የተሰራ ነው፣ ለ1834ቱ የድሆች ሕግ እንደ ሞዴል የታየ ቦታ ነው። ባል ለብቻ ሚስት ለብቻ ልጆች ለብቻ፣ ግቢውና ደረጃው ሳይቀር እንዳይገናኙ ተብሎ የተከፋፈለ። የሕጉ ሃሳብ የውስጡ ኑሮ ውጪ ካለው ከመጨረሻው ድሃ ሰራተኛ ኑሮ የባሰ ይሁንና ሰው እርዳታ ለመጠየቅ ይፍራ ነው፣ እኔ ይሄን ስሰማ በጣም ነው ያመመኝ፣ ድህነትን እንደ ጥፋት ቆጥሮ እናትን ከልጇ መለየት! ሰው በዛች ቤት ተጨናንቆ መኖሩን የመረጠው ለዚህ ነው።

ለንደን ከቀራችሁ ማይል ኤንድ ቦዩ ዳር ራግድ ስኩል ሙዚየም አለ፣ ባርናርዶ የሚባል በጎ አድራጊ በ1877 መጋዘን ውስጥ የከፈተው የድሃ ልጆች ነፃ ትምህርት ቤት ነበር፣ ምግብም ይሰጡ ነበር፣ እስከ 1908 ሰርቷል። ሳውዝዌል ባቡር ጣቢያ የለውም፣ እስከ ኖቲንግሃም በባቡር ከዛ በአውቶብስ ነው፣ የሁሉንም መክፈቻ ቀን ከመነሳትሽ በፊት ቼክ አድርጊ።