ቦታውን የቀየረው «ሴቭ»

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ማመልከቻ፣ ውልና ሲቪ የምንጽፍበት አነስተኛ የጽሕፈትና የህትመት ሱቅ አለኝ። በሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጭነናል፤ ዴስክቶፑ፣ ማለትም የመስኮቶቹንና የዝርዝሮቹን መልክ የሚሰጠው ክፍል፣ በአንዱ ኬዲኢ ፕላዝማ፣ በሌላው ኤክስኤፍሲኢ ነው። በሁለቱም የምንጽፈው ሊብሬኦፊስ በተባለው የቢሮ ፕሮግራም ቢሆንም መልካቸው አይገናኝም። ባለፈው ሳምንት በፕላዝማው ላይ የለመደችው ጸሐፊዬ በሌላው ኮምፒውተር ላይ የቤት ኪራይ ውል ጽፋ ስትጨርስ፣ ሴቭ ያደረገች መስሏት የግራውን ጫፍ ቁልፍ ተጫነች፤ የአንድ ሰዓት ሥራም ጠፋ። ፕሮግራሞቹ በሁለቱም ላይ አንድ መልክ እንዲኖራቸው ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጸሐፊዎን አይውቀሷት፤ እጇ የሄደው ወደለመደው ቦታ ነው። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ሲዘጋ በሚመጣው ሣጥን ላይ ፕላዝማ ከግራ ጀምሮ «ሴቭ»፣ «ዶንት ሴቭ»፣ «ካንስል» ብሎ ሲደረድር፣ በኤክስኤፍሲኢ ላይ ግን ግራው ጫፍ «ዶንት ሴቭ» ሆኖ «ሴቭ» ወደ ቀኝ ጫፍ ይሄዳል። በአንዱ ላይ ሥራን የሚያድነው ቦታ በሌላው ላይ ሥራን የሚያጠፋው ነው ማለት ነው።

የልዩነቱ ምንጭ የቆየ ነው። የሊኑክስ ፕሮግራም ቁልፎቹንና ዝርዝሮቹን በአብዛኛው የሚያስለው ለዚሁ በተዘጋጀ ቤተ መጻሕፍት (ፕሮግራሞች በጋራ በሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) ሲሆን፣ ዋነኞቹ ጂቲኬ እና ኪውቲ ናቸው። ጂቲኬ ጂምፕ ለተባለው የምስል ማረሚያ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ኪውቲ ደግሞ ትሮልቴክ ከተባለ የኖርዌይ ኩባንያ የወጣ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ኬዲኢ በኪውቲ ላይ ሲጀመር የኪውቲ ፈቃድ ሙሉ በሙሉ ነፃ ስላልነበረ፣ ይህን ያልወደዱት ወገኖች በዓመቱ ግኖም የተባለውን ሌላ ዴስክቶፕ በጂቲኬ ላይ ጀመሩ። ኤክስኤፍሲኢም የሚጠቀመው ጂቲኬን ነው። የፈቃዱ ክርክር ከተዘጋ ብዙ ዓመት ቢሆነውም፣ የቁልፍ አደራደሩ ልማድ ግን እስከ ከዚራ ድረስ ዘልቋል። ሊብሬኦፊስ ደግሞ የማንም ወገን አይደለም፤ እንግድነት የሄደበትን ቤት ልብስ ይለብሳል። በዴቢያንና ከእርሱ በወጡት የሊኑክስ ዓይነቶች (ሥርጭቶች) ይህ ልብስ ለየዴስክቶፑ በተለየ ጥቅል ስለሚመጣ፣ ጥቅሉ ካልተጫነ ፕሮግራሙ ያረጀ ግራጫ መልክ ይዞ ይከፈታል።

ቀለሙንና አዶዎቹን ማቀራረብ ቀላል ነው። ብሪዝ የተባለው የፕላዝማ ገጽታ ለጂቲኬም ተዘጋጅቷል፤ በኤክስኤፍሲኢው በኩል ደግሞ የኪውቲ ፕሮግራሞችን ገጽታ በኪውቲ ስድስት ሲቲ (qt6ct) መሣሪያ መምረጥ ይቻላል። ነገር ግን ገጽታ ቀለም እንጂ አሠራር አይቀይርም፤ ሁለቱን ኮምፒውተሮች መንታ አስመስለው ቀብተው «ሴቭ» በተለያየ ቦታ ከቀረ፣ ጸሐፊዎ ከቀድሞው የባሰ ትሳሳታለች፤ ልዩነቱን የሚያስታውሳት ምልክት እንኳ አይኖራትምና። ስለዚህ አንድ ሰው በሁለቱም ላይ የሚሠራ ከሆነ ምክሬ በሁለቱም ላይ አንድ ዴስክቶፕ ይጫኑ የሚል ነው፤ ለአሮጌ ኮምፒውተር፣ በተለይም በድሬ ሙቀት ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ ለሚጮህ፣ ኤክስኤፍሲኢ ይቀላል። እስከዚያው ግን ከመዝጋቷ በፊት ኮንትሮልና ኤስን እንድትጫን ያስለምዷት፤ ይህ በሁለቱም ላይ አንድ ነው።

ስላልጠየቁት አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህኛው ደንበኛም የሚያየው ነው። የፊደል ምርጫ በጂቲኬም ሆነ በኪውቲ በኩል የሚያልፈው ፎንትኮንፊግ በተባለ አንድ ሥርዓት ነው። ደንበኛ በፍላሽ የሚያመጣው ደብዳቤ ኒያላ በተባለው የማይክሮሶፍት ፎንት የተጻፈ ከሆነና ፎንቱ ኮምፒውተርዎ ላይ ከሌለ፣ በምትኩ ሌላ የኢትዮጵያ ፊደል ያለው ፎንት ይገባል። የሁለቱ ፎንቶች ስፋት ስለማይገጥም በአንድ ገጽ ያለቀው ደብዳቤ ይንሸራተትና ፊርማውና ማኅተሙ ብቻቸውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ያርፋሉ። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፎንት፣ ለምሳሌ አቢሲኒካን ወይም ኖቶ ኢትዮፒክን፣ ይጫኑ፤ ሊብሬኦፊስ በቅንብሩ ውስጥ ባለው የፎንት መተኪያ ሠንጠረዥም ኒያላ በየትኛው እንዲተካ ራስዎ ይወስኑ። ከሱቅዎ የሚወጣውን ጽሑፍ ደግሞ ፎንቱን በውስጡ አቅፎ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል፤ ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ሌላ ቦታ ሲከፈት አይበተንም።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ። ዴስክቶፔን ጥቁር ገጽታ ሰጥቼዋለሁ፤ በፍላትፓክ የጫንኩት የጽሑፍ ማረሚያ ግን ነጭ ሆኖ ቀረ። ለምን?

መልስ፦ ፍላትፓክ ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ነገር ለብቻው የሚጭን መንገድ ነው፤ በእርሱ የተጫነ ፕሮግራም የራሱ አጥር ውስጥ ስለሚኖር እርስዎ በዋናው ሥርዓት ላይ የጫኑትን ገጽታ አያየውም። ፕሮግራሙ በጂቲኬ ሦስት የተሠራ ከሆነ ያንኑ ገጽታ በፍላትፓክ በኩል ለብቻው ይጫኑለት። ሊብአድዋይታ የተባለውን የግኖም መልክ ሰጪ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀም አዲስ የግኖም ፕሮግራም ከሆነ ግን የውጭ ገጽታ ከነአካቴው አይቀበልም፤ የሚሰማው «ጥቁር ይሁን» ወይም «ነጭ ይሁን» የሚለውን ዓይነት ምርጫ ሲሆን፣ ይህን ምርጫ ከአጥሩ ውጭ ወደ ውስጥ የሚያደርስለት ዴስክቶፕ ፖርታል የተባለው አገልግሎት ነው። መጀመሪያ ለዴስክቶፕዎ የሚስማማው የፖርታል ጥቅል መጫኑን ይመልከቱ፤ ካልነበረና አሁን ከጫኑት፣ ወጥተው እንደገና ይግቡ።