ሚኒሞ አልይዝ ላለች መኪና፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዕቃ ናቸው፤ ሚኒሞን፣ ማለትም እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ሞተሩ የሚይዘውን ዝቅተኛ ዙር፣ ስለሚቆጣጠረው የአየር ቫልቭ። ብዙ ሰው አዲስ ገዝቶ ካስቀየረ በኋላ ችግሩ እንዳለ ይቀራል። ይህ ያናድደኛል፤ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ማረጋገጥ ይቻላልና።

ጥያቄ፦ የ2002 ሞዴል ቪትዝ አለኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጠዋት ነዳጅ ረግጬ ካልያዝኳት ትጠፋለች። ከሞቀች በኋላም ስቆም ተንቀጥቅጣ ቀጥ ትላለች። መካኒኬ ብሎን አጥብቆ ሚኒሞውን ከፍ ቢያደርግልኝም ችግሩ ተመለሰ።

መልስ፦ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቫልቩ ነው። እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ትሮትሉ (ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው በር) ይዘጋል። ሞተሩ ግን ያለ አየር አይሠራም። ያንን ጥቂት አየር በጎን የሚያሳልፈው ይህ ቫልቭ ነው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰፋ፣ ሲሞቅ ጠበብ እንዲል ኮምፒዩተሩ ያዘዋል። ጥቀርሻና ዘይት ከያዘው ባለበት ይቀራል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቫልቩ ከቆላው ይልቅ በሰፊው መከፈት አለበት፤ ቆሻሻው እናንተ ዘንድ ቶሎ የሚታወቀው ለዚህ ነው።

ብሎን ማጥበቁን አልወደውም። ትሮትሉ ገርበብ ብሎ ሲቀር ኮምፒዩተሩ እግርዎን ያነሱ መሆኑን በትክክል ላያውቅ ይችላል። ወደ ቦታው ያስመልሱት።

የእርስዎ ቪትዝ ቫልቭ ትሮትል ቦዲው (ትሮትሉን የያዘው አካል) ሥር ነው የተቀመጠው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ። ትሮትል ቦዲው ሲወጣ የራዲያተር ውሃ የሚያልፍባቸው ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አብረው ይነቀላሉ፤ ውሃ ስለሚፈስ ዕቃ ያዘጋጁ። የቫልቩ ብሎኖች ጭንቅላታቸው ቶሎ ይበላል። ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ይዛችሁ ተጭናችሁ ፍቱ። ከዚያ በካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ጥቀርሻው እስኪለቅ እጠቡት። ኤሌክትሪክ ያለበትን ጎን በስፕሬይ አታርሱት፤ ቫልቩንም በጉልበት አታዙሩት። ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) አዲስ ይሁን። በመጨረሻ የጎደለውን ውሃ ሞልታችሁ አየሩን አስወጡ። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይድናል።

ጥያቄ፦ የኔ ኮሮላ ተቃራኒ ነው። ሞቆም ሚኒሞው በደቂቃ ከ1,500 ዙር አይወርድም። ቫልቩን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመቀየሩ በፊት ቱቦዎቹን መፈተሽ ነበር። ከትሮትሉ በኋላ በሌላ ቀዳዳ አየር ከገባ ሞተሩ ይጮሃል፤ አዲስ ቫልቭ ያንን አይዘጋውም። ሞተሩ እየሠራ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎችን አንድ በአንድ በፒንሳ ቀስ ብለህ ቆንጥጥ። አንዱን ስትይዝ ድምፁ ከወረደ አየሩ የሚያልፈው በዚያ መስመር ነው፤ ያ ቱቦና የተገናኘበት ዕቃ ይፈተሽ። የማኒፎልዱን (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ቱቦ) ጓርኒሲዮን ዙሪያ ደግሞ በውሃ መርጫ አርጥብ፤ ድምፁ ከተለወጠ እዚያ ያስገባል። አንዳንዶች በቤንዚን ይሞክሩታል፤ እባክህ አታድርገው፣ እሳት ነው። የነዳጅ መስጫው ገመድ ተወጥሮ እንዳይሆንም እይ። የራዲያተር ውሃም ከጎደለ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ቀዝቃዛ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

ጥያቄ፦ ዲኤክስ ኮሮላ ነው ያለኝ፤ የሚኒሞ ቫልቭ ግዛ ተባልኩ። የት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ አይግዙ። ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚያቀላቅል ዕቃ) ያለው ዲኤክስ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የሚኒሞ ቫልቭ የለውም። ካርቡሬተሩን ያስጸዱ፤ ቾኩን፣ የሚኒሞ ብሎኑንና ካንዴላዎቹን ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ «ይኼው ነው፣ ያው ነው» ብለው ያገለገለ ቫልቭ ሰጡኝ። መልኩ ይመሳሰላል። ልክ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ በመልክ አይታወቅም። ለምሳሌ የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ፣ በፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2005 የተመረተው፣ 1ኤስዜድ፣ 2ኤንዜድ ወይም 1ኤንዜድ ሞተር ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የሞተሩን ኮድ ይዘሽ ሂጂ። አሮጌውንም ነቅለሽ ያዢው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ የተጻፈባቸውን ቁጥር፣ የሶኬቱን ፒኖች፣ የብሎን ቀዳዳዎቹንና የአየር መግቢያዎቹን አስተያዪ። የውሃ መተላለፊያው ዝጎ የተቦረቦረ ከሆነ ተዪው፤ ውሃ ያፈስብሻል።

ሻጩ በኦም ሜትር (የኤሌክትሪክ መቋቋምን በሚለካ መሣሪያ) ለክቶ «ይሠራል» ሊልሽ ይችላል። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች ላይ ይህ ይረዳል፤ ከመሃለኛው ፒን ወደ ግራም ወደ ቀኝም 20 ኦም አካባቢ ያነባል። በቪትዝ ላይ ግን ቫልቩ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ስላለ መለኪያው ብዙ አይነግርሽም። ተገጥሞ ካልሠራ እንዲመልሱልሽ ተስማሚ፤ ያንን እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ጥያቄ፦ ቫልቩ ከተቀየረ በኋላ ቼክ ኢንጅን መብራቱ አልጠፋም። ሲነበብ ፒ0505 ይላል።

መልስ፦ ኮዱ ሚኒሞ ከቁጥጥር ወጥቷል ነው የሚለው እንጂ ቫልቩ ሞቷል አይልም። ኮዱን ያስጠፉ፤ ሞተሩን ያሙቁና ኤሲና መብራት አጥፍተው ለአሥር ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ይተዉት። ኮምፒዩተሩ አዲሱን ቫልቭ ይለማመደዋል። ኮዱ ከተመለሰ ሶኬቱንና ሽቦውን ያስፈትሹ፤ ሽቦው በሙቀት ተሰባብሮ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ዘይት ትበላለች፤ ሚኒሞዋም ይዋልላል። ፒሲቪ ቫልቭ የሚሉትስ ያው ነው?

መልስ፦ ሌላ ነው። እሱ ከሞተሩ ውስጥ ጭሱን ስቦ ወደ ማኒፎልዱ የሚመልስ ትንሽ ቫልቭ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ክዳን ላይ ይሰካል። ነቅለው ያናውጡት። ካልተንኳኳ ተጣብቋል፤ ይቀይሩት። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ሞተር ከማስፈታትዎ በፊት በእሱ ይጀምሩ።