ቄቦችዎ የሚጮሁት የሚጥሉበት ቦታ አጥተው ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ለገጣፎ ግቢያቸው ውስጥ ቦቫንስ ብራውን የተባለ የእንቁላል ዝርያ 10 ቄቦች ያረባሉ። ቄቦቹ አራት ወር ተኩል የሞላቸው ሲሆን፣ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረው ይጮሃሉ፤ ጩኸቱ ጋብ የሚለው 5 ሰዓት ላይ ነው። «ታመው ይሆናል» ተብለው ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ለአምስት ቀን በውኃ በጥብጠው ሰጥተዋል፤ ለውጥ የለም። ለእንቁላል መጣያ የተቆረጡ ሁለት ጀሪካኖች በሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ አስቀምጠዋል። የቆርቆሮው ቤት ውስጥ 60 ዋት አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ሰሞኑን ሁለት እንቁላል ከውኃ ታንከሩ ሥር አግኝተዋል። ጎረቤትም ተማሯል።

እህቴ፣ ሰዓቱ ሁሉን ነግሮኛል። ከ2 እስከ 5 ሰዓት ዶሮ እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ነው። በሽታ ሰዓት ጠብቆ መጥቶ ሰዓት ጠብቆ አይሄድም፤ የታመመች ዶሮ ደግሞ ላባዋን አንጨፍርራ ጥግ ይዛ ትኮማተራለች እንጂ ግቢውን እየዞረች አትጮህም። መድኃኒቱን ያቁሙ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን (መድኃኒቱ ከሰውነታቸው እስኪወጣ የሚጠበቅበት) እስኪያልፍም እንቁላሉን አይብሉ፣ ለማንም አይስጡ።

ግምቴን በእጅዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ሲቀርቧት መሬት ላይ ለጠፍ ብላ ክንፏን ከፈት የምታደርግ ቄብ ደርሳለች። ማታ ከቆጥ ላይ ያንሷትና ከእንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ሹል አጥንቶች ይዳስሱ። በመካከላቸው ሁለት ጣት ከገባ ጀምራለች ወይም ቀናት ቀርተዋታል፤ አንድ ጣት ብቻ ከሆነ ገና ናት።

ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ግን በደንብ እንዲገባዎት እፈልጋለሁ። አስኳሉ ከእንቁልጢዋ ሲለቀቅ ወደ ቱቦው ይገባል፤ ነጩ ክፍል ለመልበስ 3 ሰዓት ያህል፣ ስስ ሽፋኑ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ፣ ቅርፊቱ ደግሞ 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በድምሩ ከ24 እስከ 26 ሰዓት ነው። እንቁላሉ ከወጣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገደማ ሌላ አስኳል ይለቀቃል። ስለዚህ ዛሬ 2 ሰዓት ላይ የጣለች ነገ 3 ሰዓት ገደማ ትጥላለች፤ እንዲህ እየዘገየች ሄዳ አንድ ቀን ትዘልና እንደገና በማለዳ ትጀምራለች። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ አስኳሉ ከወጣ በኋላ እንቁልጢዋ ላይ የሚቀረው ባዶ ከረጢት ከአንድ ቀን በኋላ «ቦታ ፈልጊ» የሚል የሆርሞን ትእዛዝ ይልካል። ትእዛዙ የሚመጣው ምቹ ቦታ ኖረም አልኖረም ነው። ቦታ ያጣች ዶሮ አንገቷን አስግጋ፣ መጀመሪያ ረዘም አድርጋ ታላዝናለች፤ ከዚያ አጠር አጠር አድርጋ ትደጋግመዋለች። ይህ ጥላ ከጨረሰች በኋላ ከምታሰማው ማሽካካት የተለየ ነው፤ ማሽካካቱ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሎቹም ይቀበሏታል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ያበቃል። የእርስዎዎቹ ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚያሰሙት የመጀመሪያው ነው።

ጀሪካኖቹን ያውጧቸው። ያንሸራትታሉ፣ ፀሐይ ሲነካቸው ይግላሉ፣ የተቆረጠው አፋቸው ደረት ይቧጭራል፤ በሩ ፊት ለፊት ስለሆኑም ብርሃን ይገባባቸዋል። ተሠርቶ የሚሸጠውንም የቀጭን ቆርቆሮ ሣጥን አይግዙ፤ ሲረገጥ ስለሚንቋቋ ቄብ ትሸሸዋለች፣ ወለሉም ይዝጋል። ሣጥኑን ከጣውላ ራስዎ ይሥሩት።

ነገር ግን መጋዝና መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት የዶሮ ቤቱን ብሬከር ያጥፉ። የአምፖሉ ሽቦ በቆርቆሮ ቀዳዳ የገባ ከሆነ አደጋ ነው። ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር የቆርቆሮው ጠርዝ ልባሱን ይበላዋል፤ ያን ቀን ቤቱ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ጣውላው 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ካለው የሣጥኑን ወለል 98 ሳንቲሜትር ርዝመት ይቁረጡና ለሦስት ይክፈሉት፤ ሁለቱ ጎኖችና ሁለቱ መለያዎች 8 ሳንቲሜትር ስለሚወስዱ እያንዳንዱ ክፍል 30 ሳንቲሜትር ስፋት ይኖረዋል። ጥልቀቱን 35፣ የፊት ከፍታውን 35 ያድርጉ። ለአራት ዶሮ አንድ ክፍል ይበቃል። ፊት ለፊት 10 ሳንቲሜትር ደፍ ይምቱ፣ አለዚያ ጭዱ ተጭሮ ያልቃል። ክዳኑን በጣም ያዘንብሉት፣ እንዳይሰፍሩበት። ርካሹ ሚስማር ይጎብጣል፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ይወጣል፤ በካቻቪቴ የሚጠብቀውን ይጠቀሙ። ሣጥኑን ከመሬት 45 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገው ጨለም ባለው ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ ፊቱ ላይ መቆሚያ እንጨት አይርሱ። ቆጡ ከዚህ ከፍ ማለት አለበት፣ 75 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከፍ ያለውን ቦታ ለመኝታ ይመርጣሉና ሣጥኑ ዝቅ ካላለ እዚያው አድረው ያበላሹታል። ከላይ ግማሹን የሚሸፍን የጆንያ መጋረጃ ያድርጉለት። ውስጡ 8 ሳንቲሜትር የጤፍ ጭድ ይነጠፍ። ደቃቅ ሰጋቱራ አቧራው ዓይናቸውንና አፍንጫቸውን ይጎዳል።

በየክፍሉ አንድ የማታለያ እንቁላል ያስቀምጡ፤ ባዶ ቅርፊት በቀዳዳው ጀሶ ሞልተው ያድርቁት። ከዚያ ለ10 ቀን ያህል እስከ ጠዋቱ 5 ሰዓት ከቤት አያውጧቸው። የታንከሩን ሥርም በድንጋይ ይዝጉት፤ ካልዘጉት ልፋትዎ ከንቱ ነው። መኖውን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይስጡ፣ ረሃብ ጩኸቱ ላይ እንዳይጨመር። ለ10 ዶሮ በቀን ከ1.1 እስከ 1.2 ኪሎ ይበቃል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ብቻ ከሆነ ግን ካልሲየም ያንሳቸዋልና ወደ እንቁላል ጣይ መኖ ያዛውሯቸው።

አምፖሉንም ያንሱት። አዲስ አበባ ዙሪያ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል፤ ለጀማሪ ቄብ ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት እንቅልፍ ይነሳታል፣ ገና አካሏ ሳይጠና ያስጀምራታል፤ የእንቁላል መውጫው ተገልብጦ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለችው ላይ ነው። ሌሊት ከጮሁ ሌላ ነገር ነው፦ ወይ ሸለምጥማጥ በወንፊቱ ቀዳዳ እየሞከረ ነው፣ ወይ ቅንቅን አለ። በባትሪ የቆጡን የታች ገጽ ይመልከቱ።

ከ10 ቀን በኋላ የሚኖረው ማሽካካቱ ብቻ ነው፤ እሱን የሚያስቆም የለም። ሆኖም አንዲቷ ብቻ ጅራቷን ዝቅ አድርጋ እየተመላለሰች የምታምጥ ከሆነ እንቁላል ተቀርቅሮባት ይሆናል። ሆዷን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ይያዙትና ጨለማ ቦታ ያሳርፏት፤ በማግስቱ ካልጣለች ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። መብራቱን ወደፊት መመለስ ካሰቡ ደግሞ በ1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ሳይነካ በእንጨቱ ላይ ያስኪዱት። ስንጥቅጥቅ የሚለውን ርካሽ ፖርታላምፓዳ አይግዙ። ያኔም ሽቦውን ከመንካትዎ በፊት ብሬከሩን ያጥፉ፣ በተለይ ክረምት ላይ ወለሉ ሲረጥብ።